በርሜሉ ለጎመኑ ነው ወይስ ለትንኟ?

ባለፈው ክረምት አምስት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጄ ጓሮ ሲጫወት ቆየና ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘች የሃይላንድ ጠርሙስ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ ዓሣ ያዝኩ!»

ጠርሙሷን ተቀብዬ ወደ ብርሃን ሳዞራት ሦስት አራት ቀጫጭን ነገሮች ጭራቸውን እየነቀነቁ ወደ ላይና ወደ ታች ይላሉ። ዓሣ አይደሉም፤ የትንኝ እጮች ናቸው። የተቀዱትም ከሌላ ሰው ጓሮ አይደለም፤ ጎመን ለማጠጣት ብዬ ካስቀመጥኩት ከራሴ የዝናብ በርሜል ነው።

ዕድሜዬን በሙሉ በየጤና ጣቢያው «ውኃ ያቆረ ዕቃ አትተዉ» እያልኩ ያስተማርኩ ነርስ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ጎረቤቶቼ «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። ለካስ ሲስተር በጓሮዋ ትንኝ ታረባ ኖሯል። የበርሜሉን ክዳን ነፋስ ከጣለው ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ «ነገ አነሣዋለሁ» እያልኩ አልፌው ሄጃለሁ።

ይህን የምጽፈው «በርሜል አታስቀምጡ» ለማለት አይደለም። የእኔ በርሜል ዛሬም አሸንዳው ሥር ቆሟል። ነገር ግን የዝናብ በርሜል አንዴ ተተክሎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። እንደ ሕፃን የክትባት ካርድ ቀን ተቆርጦለት መታየት አለበት። ቀኑ ሲያልፍ መዘዙ የሚደርሰው ጎመኑ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ባሉት ልጆች ላይ ነው።

ከጣሪያችን ስንት ውኃ ይወርዳል?

መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ አጠገብ ያለች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከላችን እርጥበት አጠር ለሆኑ አካባቢዎች የሚስማሙ የቦሎቄ፣ የበቆሎና የአትክልት ዝርያዎች የወጡበት ነው። እርጥበት አጠር የሚለውን ቃል እኛ በጓሯችን እናውቀዋለን። በዓመት የምናገኘው ዝናብ በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍተኛው ድርሻ የሐምሌና የነሐሴ ነው። መጠኑ ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ያስቸግራል። አንድ ቀን ጎርፍ ያወርድና ከዚያ ስምንት፣ ዐሥር ቀን ድምፁ ይጠፋል። መስከረም ላይ ደግሞ ቲማቲሙ ፍሬ ሊይዝ ሲል ጥሎን ይሄዳል።

በርሜል የሚጠቅመው ለእነዚህ ክፍተቶች ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። አምስት በስድስት ሜትር የሆነ ጣሪያ 30 ካሬ ሜትር ነውና 10 ሚሊ ሜትር በዘነበ ዕለት 300 ሊትር ይወርድበታል። የሚረጨውንና ከአሸንዳው የሚዘለውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 240 ሊትር ይቀራል። የተለመደው በርሜል የሚይዘው ደግሞ 200 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ደህና ዝናብ በርሜሉን ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ከበርሜሉ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቱቦ ይውጣለትና ወደ ፓፓያው ወይም ወደ ሙዙ ሥር ይመራ። ከጭቃ ቤት ግድግዳ ሥር በየዝናቡ የሚፈስ ትርፍ ውኃ ቤቱን ከሥሩ ይበላዋል።

ትንኟ የምትፈልገው አንድ ሳምንት ነው

ወደ ልጁ «ዓሣ» ልመለስ። በእኛ አገር ሙቀት የትንኝ እንቁላል ተፈልፍሎ፣ እጭ ሆኖ፣ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ይበቃዋል። የእኔ ክዳን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ወድቆ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተፈልፍለው በርረው ይሆናል፤ ልጁ የያዘው ተከታዩን ትውልድ ነው።

እኛ ስንማር የወባ ትንኝ ማለት የረግረግና የኩሬ ነበረች። በዕድሜ የገፋችሁ እንደምታስታውሱት አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ የወባ ሠራተኞች ማሠልጠኛ የነበረባት ከተማ ናት። የምናስተምረው ትምህርት ረግረጉን አፋስሱ፣ ጉድጓዱን ድፈኑ የሚል ነበር። ትክክልም ነበር፤ በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረገ ጥናት መንደሩ ወደ ግድቡ በቀረበ መጠን ወባው እንደሚበዛ አሳይቷል። በርሜልና ሮቶ ግን በወባ ትምህርታችን ውስጥ እምብዛም ቦታ አልነበራቸውም።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጅግጅጋ፣ ከእኛ በታች በዚያው በአዋሽ ሸለቆ ባለችው በአዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። ከተማ ውስጥ፣ በርሜል፣ ሮቶና የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። ዝናብም አትጠብቅም፤ ሰው ለበጋ ብሎ ያጠራቀመው ውኃ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ወባ ይበዛል ተብሎ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ተመራማሪዎች ሲመረምሩ ከሕሙማኑ መኖሪያ አቅራቢያ ያገኙት ይህችን ትንኝና የምትራባባቸውን የውኃ ማጠራቀሚያዎች ነው።

ሌላዋ ኤደስ ናት። ጥቁር ሆና እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት አላት። የምትናከሰው በቀን ስለሆነ ለእሷ የማታው አጎበር ብቻውን አይበቃም። ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን በሽታዎች ታስተላልፋለች። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ተነሥተው ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥለዋል። የኤደስ ክፋት እንቁላሏ ላይ ነው። ውኃው ላይ አትጥለውም፤ ከውኃው በላይ ባለው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ውኃው ቢደፋ፣ በርሜሉ ቢደርቅ እንኳ እንቁላሉ ለወራት ሳይሞት ይቆይና ዝናብ ሲመለስ ይፈለፈላል። ውኃ መድፋት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የውስጡ ግድግዳ በብሩሽ መፈተግ አለበት።

የትኛዋ እንደሆነች መገመት የምትፈልጉ በነጭ ሳህን ትንሽ ውኃ ቀድታችሁ ተመልከቱ። እጩ ከውኃው ገጽ ላይ እንደ ተዘረጋ ክር በአግድሙ ከተኛ የወባ ትንኝ ዘር ነው። ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ ከተንጠለጠለ ኤደስ ወይም ተራ ቢምቢ ነው። የልጅ ልጄ ዓሦች የተንጠለጠሉት ዓይነት ነበሩ። ለበርሜሉ ባለቤት ግን ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም መኖር የለባቸውም።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ውኃው በሚገባበት አፍ ላይ ለመስኮት የሚሸጠውን ጥቅጥቅ ያለ የትንኝ ወንፊት ሁለት ጊዜ አጥፌ በሽቦ አጥብቄ አስሬያለሁ። ትርፉ በሚወጣበት ቱቦ አፍ ላይም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ትንኟ ግን ያንን በር አትረሳም። ከወንፊቱ በላይ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ካለፈው ዓመት ወዲህ የተጨመረ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑን አንሥቼ በባትሪ ብርሃን ውስጡን አያለሁ፤ ወንፊቱ የተቀደደ እንደሆነ፣ ቅጠል የተከማቸ እንደሆነ አጣራለሁ፤ ውኃው ዝቅ ያለ ቀን ግድግዳውን እፈትጋለሁ። ደህና ክዳንና ወንፊት ማግኘት ያልቻለ ሰው ውኃውን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አትክልቱ ላይ ይጨርሰው። በሰባት ቀን ውስጥ አልቆ የሚፈተግ በርሜል ትንኝ ለማሳደግ ጊዜ የለውም። በውኃ ላይ የሚሳሱ ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ አውቃለሁ፤ እኔም ሳስቼ ነው የተቀጣሁት። በርሜሉን ስታዩ ከሥሩ ያሉትን ታናናሾቹንም አትርሱ፤ አሮጌ ጎማ፣ የዶሮ ውኃ መጠጫ፣ የአበባ ማሰሮ ሳህን፣ የተጣለ ጣሳ።

አንድ አዛውንት ጎረቤቴ «ሲስተር፣ የተቃጠለ ዘይት ጠብ ባደርግበትስ?» አሉኝ። ድሮ በየረግረጉ ዘይት ሲረጭ አይተው ነው። ጎመን የሚጠጣው ውኃ ላይ የመኪና ዘይት አይፈስም። አቤት የሚባለውን የእጭ መግደያ ኬሚካልም ከገበያ ገዝቶ በግምት መጨመር አይገባም፤ መጠን ስላለው የጤና ባለሙያ ይጨምረው።

ልጅ ካተኮሰው ደግሞ «የጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። 24 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ጤና ተቋም ወስዳችሁ ደሙ ለወባ ይታይ። ወባ የለበትም ተብሎ ትኩሳቱ ከጸና፣ ዐይኑን ከኋላ ካመመው፣ መገጣጠሚያው ከተያዘ ደንጊ ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጡት፤ መድማትን ያባብሳሉ። እስኪመረመር ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል።

የበርሜሉ አፍና የሕፃን ቁመት

ይህን አጠር አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ስለ እሱ ብዙ ማውራት ስለማልወድ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ተረኛ ሳለሁ አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሚሆነውን ልጇን ታቅፋ ሮጣ ገባች። ልብስ ልታጥብበት በግማሽ የሞላችው ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ተተክሎ ነው ያገኘችው። በር ላይ ጎረቤት ለማናገር የወጣችው ለአፍታ ነበር። እኛም የምንችለውን አደረግን። አልተመለሰም።

የሕፃን ጭንቅላት ከሌላው አካሉ አንጻር ከባድ ነው። ዘንበል ብሎ ከገባ በእጁ ገፍቶ መውጣት አይችልም፤ መጮህም አይችልም። ለመስጠም ጥቂት ጣት የሚሆን ጥልቀት ይበቃዋል። ስለዚህ ከበርሜሉ አጠገብ በርጩማ፣ ድንጋይ፣ የተገለበጠ ጀሪካን፣ ልጅ ሊወጣበት የሚችል ማንኛውም ነገር አይኑር። ክዳኑ ትንኝ የሚከለክል ብቻ ሳይሆን ልጅ የማያነሣው ይሁን። ውኃ ለመቅዳት ክዳን ከመክፈት ይልቅ ከሥር ሩቢኔት ማስገጠም የተሻለ ነው፤ ትንሽ ወጪ አለው፤ ግን ክዳኑ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲከፈት ያደርጋል።

የመቆሚያውም ነገር አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ የሞላ በርሜል ሁለት ኩንታል ይመዝናል። ከሩቢኔቱ ሥር ጀሪካን እንዲገባ በርሜሉን በብሎኬት ከፍ ማድረግ ደግ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ተደልድሎ፣ ብሎኬቱ ተጋጥሞ፣ ሰፊ ሆኖ ይሠራ። የእኛ አፈር ሲርስ ይሰጥማል። ሁለት ድንጋይ ላይ የተንጋደደ ሙሉ በርሜል ሥር የሚጫወት ልጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ምን የነበረበት በርሜል ነው?

የእኛ አካባቢ የአትክልት እርሻ አገር ነው። እርሻ ባለበት ፀረ ተባይ አለ፤ ፀረ ተባይ ባለበት ባዶ ዕቃው ገበያ ይወጣል። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን ምን እንደነበረበት ይሁን። የምግብ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዕቃ ከነበረበት ታጥቦ ይሠራል። ፀረ ተባይ፣ አሲድ ወይም ሌላ የፋብሪካ ኬሚካል ከነበረበት ሦስት ጊዜም ዐሥር ጊዜም ቢታጠብ ለሚበላ አትክልት አይሆንም። ሻጩ ካላወቀ፣ ወይም ምልክቱ ተፍቆ ከሆነ ተዉት። ሽታ የለውም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው አስታምሜያለሁ፤ አፉ ይዝረከረካል፣ ያልበዋል፣ የዐይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። ይህን ያየ ሰው በርሜል ሲገዛ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል።

የብረት በርሜል ከሆነ ይዝጋል፤ ዝገቱ አትክልቱን ባይጎዳም በርሜሉ ቶሎ ይበሳል። ብርሃን የሚያስገባ ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ ውስጡ አረንጓዴ ልጋግ ያበቅላል፤ በጆንያ ወይም በጥቁር ላስቲክ ማልበስ ነው።

ውኃው ለማን ይሰጥ?

አንድ በርሜል በጋን አያሻግርም። ዐሥር ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በፀሐይ ጊዜ በቀን 50 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በርሜላችሁ በአራት ቀን ያልቃል። «በርሜል ገዝቼ ምን ፈየደልኝ» የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን ያልሠሩት እዚህ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገበሬው ጓሮ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ ይቆፈር የተባለበትን ዘመቻ ታስታውሱ ይሆናል። ብዙው ጉድጓድ ሰርጎበት፣ ተኖበት፣ ክዳን አጥቶ ቀረ። ከአዳማ በስተሰሜን ያለው ምንጃር ሸንኮራ ግን ተጠቀመበት። ገበሬው ጉድጓዱን ፕላስቲክ አለበሰና ያቆረውን ውኃ ለሽንኩርት ችግኝ አዋለው። ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ ችግኝ ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚቆም ትንሽ ውኃ ይበቃዋል።

ለጓሯችንም ይኸው ይሠራል። አንድ ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ በቀን አምስት ሊትር ቢጠጣ አንድ በርሜል አርባ ቀን ያደርሰዋል፤ የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ የሚቆየው ወደ አንድ ወር ተኩል ነው። የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ ወርዶ ሲጠፋ፣ ወይም ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቋርጥ፣ በርሜሉ ችግኙንና ፍሬ የያዘውን ቃሪያና ቲማቲም ያድን። ሌላው ጓሮ ገለባ ይልበስና የሚመጣውን ይጠብቅ። ጠዋት ወይም ማታ፣ ሥሩ ላይ ብቻ በጣሳ ማፍሰስ ይበቃል።

ሥሩ ላይ የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ጣሪያ ላይ ወፍ ይኩሳል፤ ድመትና አይጥ ይመላለሳሉ። በተለይ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ የወራት አቧራ አጥቦ ነው የሚመጣው። ለ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ የመጀመሪያውን 20 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ሙሉ፣ ወደ ውጭ ልቀቁት፤ ከዚያ ቱቦውን ወደ በርሜሉ መልሱ። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ከሆነ የበርሜሉን ውኃ ቅጠሉ ላይ አትርጩ፤ ስትለቅሙትም በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

«የዝናብ ውኃ ንጹሕ አይደል፣ ለምን አንጠጣውም?» የሚል ጥያቄ በእኛ አገር ሁልጊዜ ይነሣል፤ ምክንያትም አለው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይበልጥ ይላል፤ በአካባቢያችን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች ነበሩ፣ አሉም። የወንጂን ሰው ጥርስ ያየ ያውቀዋል፤ ከጥርስ አልፎ ወገባቸውና አንገታቸው የደረቀ የእርሻው አሮጌ ሠራተኞችን ያየን አለን። የልጅ ጥርስ የሚበላሸው ከድድ ሳይወጣ ገና ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች የሚጠጡት ውኃ ያሳስባል። ብዙ እናቶች «አፍልቼ ነው የምሰጠው» ይሉኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል።

ዝናብ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጓሮ በርሜል የመጠጥ ዕቃ አይደለም። ከዝናብ ለመጠጣት የሚፈልግ ቤተሰብ ለዚያ ብቻ የሚሆን፣ ንጹሕና የተዘጋ ሮቶ ለብቻው ያስቀምጥ፤ የመጀመሪያውን ዝናብ ያስወግድ፤ ያም ቢሆን ከመጠጣቱ በፊት ይፈላ ወይም በውኃ አጋር ይታከም። ከጎመኑ በርሜል ልጅ በኩባያ ሲቀዳ ካያችሁ አስቁሙት።

ዝናቡ ሲያበቃ፣ በእኛ አገር ጥቅምት አካባቢ፣ የቀረው ውኃ አትክልቱ ላይ ያልቃል፤ ዝቃጩ ወደ ፓፓያው ይደፋል። ከዚያ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሳሙናና በሸካራ ብሩሽ ይፈተጋል፤ የኤደስ እንቁላል ከተለጠፈ የሚነሣው ያኔ ነው። በርሜሉ ይደርቅና ተገልብጦ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አሸንዳውም ይጠረጋል፤ ቅጠል የዘጋው አሸንዳ ራሱ ረጅም የትንኝ ገንዳ ነው።

የልጅ ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪውን የሚይዘው እሱ ነው። ክዳኑን እኔ አነሣለሁ፤ እሱ ክንዴ ላይ ሆኖ ያበራል። ዘንድሮ አንድም ዓሣ ስላላገኘ ቅር ብሎታል።